ዝግባው ለምን እዚያ ቆመ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ችግኝ ተከላ ወጣን። ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቦታው ገላጣ ተዳፋት ነው፤ ድንጋይ የበዛበት፣ ጥላ የሚባል ነገር የሌለበት። የተሰጠን ችግኝ ዝግባ ነበር። ደስ አለን። ዝግባ እኮ ነው! አገር በቀል፣ ግርማ ያለው፣ የደብር ዛፍ። ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ቆሎ በላን፣ ወደ ቤታችን። በዓመቱ ግንቦት ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ ወረድ ብዬ አየሁት። ጉድጓዶቹ በመስመር በመስመር አሉ። ችግኞቹ የሉም። በሕይወት ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም አንድ ትልቅ የአጋም ቁጥቋጦ ሥር ተጠግተው የተተከሉ።

ያኔ «የሚያጠጣ ጠፋ፣ ምን ይደረግ» ብዬ አለፍኩት። ቆይቼ ነው የገባኝ። ጥፋቱ ውኃው ጋ አልነበረም፤ ገና ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው የተጀመረው። ሁለቱ ችግኞች ደግሞ መልሱን ይዘው ከፊቴ ቆመው ነበር፣ እኔ አላነበብኩትም እንጂ።

ስለ ችግኝ ስናወራ የምናወራው ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር የዓለም ዜና ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ዕቅዱ ከፍ እያለ ነው። «ስንቱ ጸደቀ?» የሚለው ክርክርም አብሮ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከሁለቱም በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ ነው፦ ይህ ዛፍ ማንም ሳይተክለው፣ በራሱ ጊዜ፣ የት ነው የሚበቅለው? መልሱ ያለው ጥንታዊ ደኖቻችን ውስጥ ነው። የቀሩት ጥቂት ናቸው። ግን በነዚያ ውስጥ አንድም ዛፍ የቆመበትን ቦታ በዕጣ አላገኘውም።

ከከፍታ እንጀምር፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው እሱ ነውና። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለውን ክፍፍል በትምህርት ቤት የተማርነው ይመስለናል፤ ገበሬው ግን ጂኦግራፊ የሚባል ትምህርት አገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሲኖርበት ነበር። መጻሕፍት ቁጥር አበጁለት፦ ቆላው እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋው እስከ 2,300፣ ደጋው እስከ 3,200 ገደማ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ነገሩ ቀላል ነው፤ 100 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል። ለእኛ ይህ ጃኬት መደረብ ነው። ለዛፍ ግን ጃኬት የለም።

ይህን በአንድ ቀን መንገድ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ባሌ ይሂድ። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ለእኔ የአገሪቱ ምርጥ የዕፅዋት መጽሐፍ ነው። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ዛፍ የለም። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ በማግሥቱም እንደገና እንዲሁ። ይህን በየቀኑ የሚችለው ጅብራ ነው፤ ለጋ ቅጠሎቹን ሌሊት ወደ መሐል አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል፣ ለዓመታት እየቆየ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከአምባው ጠርዝ መውረድ ስትጀምሩ አስታ ይቀበላችኋል። መጀመሪያ ከጉልበት የማይበልጥ ቁጥቋጦ ነው፣ ዝቅ ስትሉ እየረዘመ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይታችሁ አስታ ዛፍ መሆኑን ታያላችሁ፤ ግንዱ ጠማማ፣ በሽበት የተሸፈነ፣ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል አረንጓዴ ነገር ያለበት። ከዚያ ኮሶና አምጃ። ሪራ አካባቢ ቀርከሃው። ከቀርከሃው በታች ሐረና ደን አፉን ይከፍታል፤ ቀረሮ የሚባለውን ግዙፍ ዛፍ የምታገኙት እዚያ ነው፣ ጥላው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ታች ወደ 1,500 ሜትር ስትጠጉ ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና በዛፎቹ ሥር ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከሳነቴ እስከዚያ ድረስ 2,500 ሜትር ወረዳችሁ ማለት ነው። በሙቀት ስታሰሉት 15 ዲግሪ ያህል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጉዞ።

ባሌ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙው ዜና ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ኒያላ ነበር፤ ይገባቸዋል። ለእኔ ግን ቅርሱ ይህ መንገድ ነው።

እሺ፣ ከፍታ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። ሐረና ያለው በተራራው ደቡብ ጎን ነው። እዚያው ተራራ ላይ ወደ ሰሜን ዞራችሁ ድንሾ ብትሄዱ ከፍታው ከሐረና የላይኛው ክፍል ጋር ይቀራረባል፣ ደኑ ግን ሌላ ነው። ጽድና ኮሶ፣ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ፤ ክፍት፣ ደረቅ፣ ብርሃን የበዛበት። ያ ጨለማ የለም፣ ያ እርጥበትም የለም። ምክንያቱ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ነው። አየሩ የተራራውን ደቡብ ፊት ይመታል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉምና ዝናብ ሆኖ እዚያው ይወርዳል። ተሻግሮ ሰሜን የሚደርሰው የተረፈው ነው።

በአውሮፓ ትምህርት የተጻፉ መጻሕፍት ስለ ተዳፋት ሲያወሩ ትልቁ ነገራቸው ፀሐይ ነው፤ ይህኛው ጎን ፀሐይ ያገኛል፣ ያኛው አያገኝም። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐዩ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ የሚውል ተዳፋት እምብዛም አይገጥማችሁም። እዚህ አገር ስለ ተዳፋት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ዝናቡ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?» የሚለው ነው። ይህን ሳያዩ የውጭውን ሕግ እንዳለ ገልብጦ የተከላ ዕቅድ ማውጣት ለእኔ የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ ነው።

ጉምን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ስለማይቆጥረው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሄደ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። እዚህ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ዋሻውን ስታልፉ አንድ ሜትር የማያሳይ ጉም። ከታች ከቆላው የሚነሣው አየር ገደሉን ታክኮ ወጥቶ ጫፉ ላይ ጉም ይሆናል። ወፍ ዋሻ ደን የተለጠፈው በዚያው ገደል ፊት ላይ ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ላይ ላይ ደግሞ አስታው። ዝናብ መለኪያ ዕቃ ብታስቀምጡ ጉሙን አይቆጥርላችሁም። ዛፉ ግን ይቆጥረዋል። ጉሙ በቅጠሉና በዚያ በጢም መሳዩ ነገር ላይ እየተያዘ ይንጠባጠባል፤ በበጋ ወር፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ከዛፍ ሥር መሬቱ እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዛፉን ስትቆርጡት ጉሙ ያልፋል፣ ጠብ የሚለው ግን ይቀራል። እንግዲህ እዚያ ደግሞ ትከሉ ቢባል የመጀመሪያው ችግኝ የሚያገኘው ውኃ ትልቁ ዛፍ ያገኝ ከነበረው ያነሰ ነው። ቦታው ያው፣ ከፍታው ያው፣ ደመናው ያው፤ እርጥበቱ ግን ሌላ።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። ወፍ ዋሻ ገደል ላይ የተረፈው ጉሙ ስለተስማማው ነው ወይስ ገደሉ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ስለማይቻል? ሁለቱም ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው። ዛሬ ደን ያለበትን ካርታ ይዘን «ዛፍ የሚወደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው» ብንል ዛፍ ገደልና ተራራ የሚወድ ይመስለናል። ሜዳውን ያልወደደው ዛፉ ሳይሆን ሜዳውን የፈለገው ሰው ነው። ጥልቅ አፈር ያለበት፣ ለጥ ያለው፣ ውኃ የሚደርሰው ቦታ ቀድሞ ታርሷል። ስለዚህ ጽድ ድንጋያማ ጫፍ ላይ በርክቶ ስታዩት «ጽድ ድንጋይ ይወዳል» አትበሉ። ድንጋይን ይችላል። መቻልና መውደድ ይለያያሉ፤ እንጀራ ፍለጋ በረሃ የወረደ ሰው በረሃ ይወዳል አይባልም።

አፈሩም የራሱ ነገር አለው። ሜዳው ሁሉ በአንድ ወቅት ደን ነበር የሚል ሰው ዋልካን አላየም። ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥርና ሥሩ አየር ያጣል፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቅና ቀጭኑን ሥር ይበጥሳል። በተለይ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ ከድሮም የሣር አገር ነው፤ የሚችለው የተወሰነ የግራር ዘር ነው። እዚህ ላይ ዝግባ መትከል ልፋት ነው። በተራራማ አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስና ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ውርጭ ባቄላውን የሚመታው ከጉብታው በፊት ረባዳው ላይ ነው። ባቄላውን የመታ ውርጭ ለአንድ ዓመት ችግኝ አይራራም። ለዚህ ነው በአንዳንድ ደጋ ቦታዎች ጎኑ ላይ ዛፍ እያለ ወለሉ ሣር ብቻ የሚሆነው፤ የከፍታውን ሕግ ገልብጦት ማለት ነው፣ ዝቅ ያለው ቦታ የበለጠ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ትልቁ ዛፍ የሚፈልገውና ልጁ የሚፈልገው አንድ አይደለም። ዝግባ ካደገ በኋላ አናቱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ለመቶዎች ዓመታት ይቆማል። ፎቶ የምናነሣው ያንን ነው። የዝግባ ልጅ ግን የጥላ ልጅ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበት ያለው፣ በትልልቅ ዛፎች የተከለለ ቦታ ነው የሚፈልገው፤ እዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ዓመታት ወስዶ ያድጋል። ጽድ ተቃራኒው ነው። የጽድ ልጅ ብርሃን ካላገኘ አይሆንለትም፤ እናቱ ሥር እንኳ አይበቅልም ማለት ይቻላል። ኮሶም እንደዚሁ ክፍት ቦታ ይሻል። እና ዕድሜ የጠገበ የጽድ ደን ውስጥ ገብታችሁ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ብታዩ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ፦ ላይ ያለው ጽድ፣ ታች ያለው የዝግባና የሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ልጅ። ጽዱ የራሱን ልጅ አያሳድግም፤ የሌላውን ያሳድጋል። ሰው እጅ ካላስገባ፣ እሳትም ካልመጣ፣ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማይ ካልከፈተ፣ ያ ደን ቀስ በቀስ ወደ ዝግባ ደንነት ይሄዳል።

መናገሻ ሱባን ብዙዎቻችን ሄደን አይተነዋል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስዘሩት የሚባልለት ደን። ታሪኩ እንደተባለው ከሆነ ንጉሡ (ወይም ምክር የሰጣቸው ሰው) ነገሩ የገባው ነበር። የተራቆተ ተራራ ላይ ጽድ ነው የሚዘራው። ዝግባው በኋላ ይመጣል፤ ወፉና ጦጣው ፍሬውን ይዞት ይመጣል። እኛ ቅዳሜ ዕለት ያደረግነው የዚህን ግልባጭ ነው፤ መጨረሻ የሚመጣውን መጀመሪያ ተከልነው።

ይህ የወሬ ነገር ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ወለል ላይ ለሺዎች ዓመታት የተጠራቀመ ደለል አለ፣ ደለሉ ውስጥ በየዘመኑ ከነበሩት ዛፎች የረገፈ የአበባ ዱቄት አለ፣ ተመራማሪዎች እሱን ንብርብር በንብርብር አንብበውታል። የሚነግረን እንዲህ ነው፦ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው የዝግባና የጽድ ደን ነበር። ደኑ ተመነጠረ፤ በቦታው ክትክታና ሣር ሆነ፣ እንዲያም ሆኖ ወደ 1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደን ተመለሰ። ማን መራው? ጽድ። ወይራም ተከተለው። ከመመንጠሩ በፊት የነበረው የዝግባ ድርሻ ግን እንደነበረው አልተመለሰም። ከዚህ ሁለት ነገር ይገባኛል። አንደኛ፣ «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው በየስብሰባው የሚደገም ቁጥር መሠረቱ የሳሳ ነው፤ ብዙው ቦታ የተራቆተው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው፣ አንዳንዱም መልሶ አገግሞ ያውቃል። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ላይ የምታዩት ዛፍ የቦታውን የዛሬ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ያለፈበትን ሁሉ ነው የሚያሳያችሁ። 400 ዓመት የቆመ ጽድ የበቀለው ከ400 ዓመት በፊት በነበረው ዝናብና ከ400 ዓመት በፊት በነበረው ብርሃን ነው። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ልጁ ይበቅላል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ደን ውስጥ ስትገቡ ትልቁን ዛፍ አይታችሁ አትመለሱ። ጎንበስ በሉ። ዛሬ ቦታው ለማን እንደሚሆን የሚነግራችሁ ጣት የማታህል ችግኝ ናት።

ጎንበስ ብሎ ማየት ሲጀመር ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ገጠሩን ከላይ ስታዩት ቡናማ ማሳ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ደብር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት መዝግበዋል። በየደኑ የትኛው ዛፍ እንደሚገኝ በዋናነት የሚለየው ከፍታው ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ያልነው ነው፣ አይገርምም። የሚገርመው ታች ያለው ነው። ከብት በሚገባበት፣ ሰው በሚበዛበት ደን ውስጥ ሽማግሌው ዛፍ አለ፣ ልጁ የለም። ከሩቅ ስታዩት ደን ነው። ውስጡ ስትገቡ ግን ወጣቱ ሁሉ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ አዛውንት ብቻ የቀረበት መንደር ነው። ከፍታው ተስማሚ፣ አፈሩ ተስማሚ፣ የእናት ዛፍ አለ፣ ዘር ይወድቃል፤ በሬው ይረግጠዋል፣ ፍየሏ ትበላዋለች። የአየር ጠባይ የፈቀደለትን ዛፍ የከብት ጥርስ ከለከለው። ካህናቱና ሕዝቡ በየማሳው ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ ማጠር የጀመሩት ለዚህ ነው፤ ለእኔ ከማውቃቸው የደን ሥራዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። ችግኝ የለ፣ ፎቶ የለ። ካብ ብቻ።

«ዘሩ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ አንድ ቀን ይበቅላል» የሚል ካለ፣ እሱም እምብዛም አይሠራም። በደረቅ ደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቁጥቋጦ ነው። እንደ ዝግባና ወይራ ያሉት ትልልቆቹ ዛፎች አፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚቆይ ዘር ብዙም አያጠራቅሙም። የእናት ዛፉ ከተቆረጠ፣ አጠገብ ሌላ ከሌለ፣ ዘሩን የምታመጣ ወፍም የምታርፍበት ካጣች፣ ቦታው ምንም ያህል ቢስማማው ዛፉ አይመጣም። አየሩና አፈሩ የሚሰጡት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ይዞ የሚመጣ ዘር ካልተገኘ ወረቀቱ ምን ይሠራል?

አሁን ደግሞ ፈቃዱ ራሱ እየተቀየረ ነው። ትግራይና አፋር ድንበር ላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው የደስአ ደን ጽድና ወይራ ነው፤ እዚያ ብዙ ዛፍ ቆሞ ደርቋል። መድረቁ ግን እኩል አይደለም፣ ወደ ታችኛው፣ ሞቃታማና ደረቅ ወደሆነው ጫፍ ሲጠጋ ይብሳል። ዛፍ እግር የለውም፤ ሲሰደድ የምናየው እንዲህ ነው፣ ታች እየሞተ ላይ ከተሳካለት እየበቀለ። ቡናም ያው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አየሩ በዚሁ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው የማይስማማው ሊሆን እንደሚችል አስልቷል፤ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ በተቃራኒው ሊስማማ ይችላል ይላል። ጥሩ፣ ቡናው ይውጣ። ግን የጫካ ቡና ብቻውን አይወጣም፣ ጥላ የሚሆነው ዛፍ አብሮት መውጣት አለበት፤ ያ ዛፍ ለማደግ ስንት አሥርት ዓመት ይፈጃል፣ ላይ ያለው ቦታ ደግሞ የገብስ ማሳ ነው። አስታውም ወደ ላይ ይግፋ ብንል ሳነቴ ላይ ይደርሳል፣ የጅብራን ቤት ይወስዳል። ጅብራ ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ከቱሉ ዲምቱ በላይ ሰማይ ነው ያለው።

እና ምን እንትከል? ይህን ስጽፍ እያንዳንዱ ሰው ይህን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜም የሚጠየቀው ይህ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በቅርብ ያለ የደብር ወይም የገዳም ደን እፈልጋለሁ፣ ከፍታውና አፈሩ ከመትከያው ቦታ ጋር የሚቀራረብ። ውስጡን ሳይሆን ዳርቻውን አያለሁ፤ ገላጣው መሬት ከደኑ ጋር የሚገናኝበትን። እዚያ ማን ነው ቀድሞ የወጣው? ብዙ ጊዜ ክትክታ ነው፣ አጋም ነው፣ ቀጋ ነው፣ ደደሆ ነው፣ ሞቅ ባለው ቦታ ብሳና ነው። ማንም ለችግኝ ጣቢያ የማያዛቸው፣ በዘፈን የማይጠሩ፣ አንዳንዶቹ ከነእሾሃቸው። ገላጣ ቦታ የነሱ ነው። ትግራይ ውስጥ ከከብት በተከለሉ ተራሮች ላይ የወይራ ችግኝ በብዛት የተገኘው እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ወፏ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣ ዘሩን ትጥላለች፣ ቁጥቋጦው ከፀሐይ ይከልለዋል፣ እሾሁ ከፍየል ይጠብቀዋል። እኛ ደግሞ ተከላ ስንሄድ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? «ቦታውን እናጽዳ» ብለን ቁጥቋጦውን መመንጠር። በገጀራ! ያን ቅዳሜ እኔም መንጥሬያለሁ። ያ አጋም የተረፈው ትልቅ ስለነበረና እሾሁን ፈርተን ስለተውነው ነው።

ለአንዳንድ ቦታ ደግሞ መልሱ ምንም አለመትከል ሊሆን ይችላል። ከብት እንዳይገባ ከልሎ አምስት ዓመት መጠበቅ። ይህ ለሪፖርት አይመችም፣ አውቃለሁ። «ዘንድሮ ዜሮ ችግኝ ተክለን 40 ሄክታር ዝም ብለን አየን» ብሎ የሚጽፍ ኃላፊ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ። ለሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ የእናት ዛፍ በብዙ ኪሎ ሜትር ውስጥ በሌለበት፣ መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ ዘሩን ማምጣት ግድ ነው፤ ያኔም ጽድና ወይራ ቀድመው፣ ዝግባ ጥላው ሲመጣ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ ጽድ ስትሉ የሐበሻ ጽድ በሉ። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ «ጽድ» ካላችሁ የሚሰጧችሁ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው፣ ከሜክሲኮ በኩል የመጣው፣ ለአጥርና ለገና የምንጠቀምበት። ዛፉ ምንም አላጠፋም። ያ የአበባ ዱቄት ላይ የተነበበው ታሪክ ግን የእሱ አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ወደዚያ ተዳፋት ተመልሼ ነበር። ሌላ ቡድን መጥቶ አዲስ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ያው በመስመር በመስመር። ወደ አጋሙ ሄድኩ። አንደኛው ዝግባ የአጋሙን አናት በስንዝር አልፎታል። ሁለተኛውን ፍየል ጫፉን ቀርጥፋዋለች፤ ከጎኑ ግን አዲስ ለስላሳ ቅጠል አውጥቷል። በእጄ ልነካው ስል አጋሙ ወጋኝ።